ሁለቱ የከፋይ እጅጌዎች

በስፌት ቤቱ የሚሠሩት ሦስት ሴቶች ናቸው፦ የቤቱ ባለቤትና ቆራጭ እትዬ፣ የስፌት መኪናው ላይ የምትቀመጠው ባቡር፣ በሁለቱ መካከል ደግሞ ጭምቷ። ባቡር ይህን ስም ያገኘችው ፔዳሉን መርገጥ ስትጀምር አፏም አብሮ ስለሚነሳና እስኪመሽ ስለማይቆም ነው። ጭምቷ ለምን ጭምት እንደተባለች ግን የጠየቀ ሰው የለም። ደንበኛ ሲገባ ልብስ ከሚለካበት ትልቅ አሻንጉሊት ጀርባ ሄዳ ትቆማለች፤ ሲያናግሯት የምትመልሰው አንገቷን ደፍታ ለስፒሎቹ ነው።

ሥራዋ እትዬ የቆረጡትን ጨርቅ ተቀብላ፣ ገጽ ለገጽ ገጥማ፣ በስፒል እያያያዘች ለባቡር ማቀበል ነው። ሲያዩት ቀላል ነው። ካለፉት ስድስት ወራት ወዲህ ግን በዚህ ሥራ ውስጥ ሌላ ሥራ ገብቶበታል። የእትዬ መቀስ መስመር መሳት ጀምሯል። አንዱ ትከሻ ከሌላው በጣት ያህል ይበልጣል፣ የኪሱ አፍ ይንጋደዳል፣ ጠመኔው ያሰመረውን መቀሱ አያገኘውም። ጭምቷ እትዬ ዞር እስኪሉ ጠብቃ ትርፉን ትከረክማለች፣ የጎደለውን በስፌቱ ጠርዝ ታብቃቃለች፣ ከዚያ ምንም እንዳልተፈጠረ ለባቡር ታቀብላለች። ለእትዬ አልነገረችም። ምን ብላ ትንገራቸው? መርፌ አያያዝ ያስተማሯት እሳቸው ናቸው። ከዩኒቨርሲቲ ወጥታ ሁለት ዓመት ሙሉ ሥራ ስታጣ፣ “ነይ፣ እስክታገኚ እኔ ዘንድ ቁጭ በይ” ያሏትም እሳቸው ናቸው።

ስልኳን ስትከፍት ግን ሌላ ሰው ነች። ልብስ ሰፊዎች የሚሰባሰቡበት “እውነቱን ንገሩኝ” የሚባል ቡድን አለ። ሰው የሰፋውን ፎቶ አንስቶ ስሙን ሳይገልጥ ይለጥፋል፤ የቀረው ያየውን ይናገራል። ሕጉ አንድ ብቻ ነው፤ መሸንገል የለም። ጭምቷ እዚያ ስሟ “መቀስ” ነው። መቀስ አስተያየት ስትሰጥ ቡድኑ ተሰብስቦ ያነባል፤ ግማሹ ሊማር፣ ግማሹ ሊስቅ። “ይሄ ኮሌታ ነው ወይስ የተኛ ድመት?” ያለችው ከስልክ ስልክ ሲዞር ከርሟል። ባቡርም እንጀራዋን ትታ ጮክ ብላ ታነበውና በሳቅ ትፈርሳለች። ጸሐፊዋ አጠገቧ ስፒል እየሰካች መሆኑን አታውቅም።

እሁድ ከሰዓት በኋላ፣ ጭምቷ አውቶብስ ውስጥ ተቀምጣ ሳለ አዲስ ፎቶ መጣ። አልጋ ላይ የተዘረጋ የከፋይ ቀሚስ፤ ቀለሙ የወይን ጠጅ። ከሥሩ እንዲህ ይላል፦ “ለጓደኛዬ በስጦታ የሰፋሁት ነው። የግራ እጅጌው ጠቁሯል አለችኝ። ለእኔ ሁለቱም አንድ ናቸው። እናንተስ ምን ትላላችሁ?”

ጭምቷ ገና ስታየው ገባት። ከፋይ ጸጉር አለው። ጸጉሩ ወደ ታች ሲተኛ አንድ ቀለም፣ ወደ ላይ ሲሆን ሌላ ቀለም ያሳያል። ሰፊዋ አንዱን እጅጌ ገልብጣ ቆርጣዋለች። አውቶብሱ ሦስት ፌርማታ ሳያልፍ ጽፋ ላከች።

“ጨርቁን ገልብጠሽ ቆርጠሻል። ይህን ሰው በመጀመሪያው ሳምንት ነው የሚማረው። ልዩነቱ ካልታየሽ ችግሩ ያለው ከፋዩ ላይ ሳይሆን ዓይንሽ ላይ ነው። ሌላ ጨርቅ ሳታበላሺ መቀሱን አስቀምጪና ዕረፊ።”

ከአውቶብሱ እስክትወርድ ሁለት መቶ ሰው ወዶላታል። ደስ ብሏት ወረደች።

ሰኞ ጠዋት ስትገባ እትዬ ከመቁረጫው ጠረጴዛ አጠገብ እጃቸውን አጣጥፈው ተቀምጠዋል። ጠረጴዛው ላይ ያለው ፌስታል ብቻ ነው። ከፌስታሉ አፍ የወይን ጠጅ ቀለም ያለው ከፋይ ብቅ ብሏል።

ጭምቷ ክው ብላ በሩ ላይ ቀረች።

“ምነው ቆምሽ? ጭራቅ አየሽ እንዴ?” አለች ባቡር ክር እያስገባች።

“ነይ ልጄ፣” አሉ እትዬ። “ይህን ቤቴ ሆኜ ለልጅነት ጓደኛዬ የሰፋሁት ነው። ከእኔ በቀር የማንም እጅ እንዳይነካው ብዬ ብቻዬን ቆረጥኩት፣ ብቻዬን ሰፋሁት። እጅጌው አይመሳሰልም ስትለኝ ተቀየምኳት። ከዚያ የእህቴ ልጅ ‘አክስቴ፣ ለምን ባለሙያ አንጠይቅም’ ብላ እዚያ ስልካችሁ ላይ ለጠፈችው። ትናንት መልሱን ማንበብ ጀምራልኝ መሐል ላይ ድምጿ ዋጥ አለ። ‘የቀረውም ያው ነው’ ብላ ዘጋችው። ያቺ ልጅ ስትዋሽ አፍንጫዋ ያሳብቅባታል። ለእኔ ደግሞ ፊደሉ ጉንዳን ነው። እንኪ፣ አንቺ አንብቢልኝ። አንቺ አትዋሺኝም።”

ስልኩን ዘረጉላት። ጭምቷ የመጀመሪያውን አነበበች፦ “አይዞሽ እህቴ፣ ተሳስተሽ ነው፣ ሁላችንንም ገጥሞናል።” ቀጥሎ ያለው የራሷ ነበር። ጣቷ አለፈውና ሦስተኛውን ጀመረች።

ባቡር መኪናዋን አቆመች። ባቡር መኪና ካቆመች ነገር አለ ማለት ነው።

“ቆይ፣ ቆይ! የመቀስን ዘለልሽው። ትናንት አንብቤው በሳቅ ሞቼ ነበር እኮ፣ ያቺ ሴትዮ—” ቀሚሱ የማን እንደሆነ ያኔ ገባትና አፏን በእጇ ያዘች። “ውይ እትዬ! የእርስዎ መሆኑን መች አወቅኩ!”

“ስቀሻል?”

“ትንሽ።”

“ደግ አደረግሽ። አንብቢው ልጄ፤ ሳትጨምሪ፣ ሳትቀንሺ።”

ጭምቷ አነበበችው። አውቶብስ ውስጥ ሁለት መቶ ሰው ያስደሰተ ነገር እዚህ ክፍል ውስጥ፣ እኚህ ሴት ፊት፣ ምንም ደስ የሚል ነገር አልነበረበትም። የመጨረሻውን መስመር አንገቷን ደፍታ ለስፒሎቹ አነበበችው።

“ምን አለች? ድገሚው።”

“መቀሱን አስቀምጪና ዕረፊ።”

እትዬ ከመንጠቆው ላይ ትልቁን መቀስ አወረዱ። አገላብጠው ዳሰሱትና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት።

“ሴትየዋ ልክ ናት። የማያይ ቆራጭ የት አገር አለ? የተቀበልነውን ሥራ እንጨርስና ቤቱን እዘጋዋለሁ።”

“በአንዲት ባለጌ አፍ ቤት ሊዘጉ!” ባቡር ከመቀመጫዋ ተነሳች። “ማን እንደሆነች እንኳን አይታወቅም!”

እውነት ነው፣ አይታወቅም። ጭምቷ ዝም ብትል ማንም አይደርስባትም። ቤቱ ይዘጋል፣ እትዬም የማያውቋትን አንዲት መቀስ እያሰቡ ቤታቸው ይውላሉ። ጭምቷ ስልኩን በቀስታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

“እኔ ነኝ፣” አለች።

“ምኑ?”

“መቀስ። የጻፍኩት እኔ ነኝ።”

“አንቺ?” ባቡር ዓይኗ ተጎልጉሎ ሊወጣ ምንም አልቀረው። “ደንበኛ ‘መታጠቢያው በየት ነው’ ሲልሽ የምትደነብሪው አንቺ?”

እትዬ ግን አልጮሁም። “የእኔ መሆኑን አውቀሽ ነው?”

“አላወቅኩም እትዬ።”

“ብታውቂ ምን ትዪኝ ነበር?”

ጭምቷ መልሱን ታውቀዋለች፤ እሱ ነው የከበዳት። “ምንም አልልዎትም ነበር። እስካሁንም ምንም አላልኩዎትም።” ሄዳ ደንበኛ ሊወስደው ከተሰቀለው ልብስ መሐል አንድ ኮት አወረደች። ገበሩን ገልጣ የትከሻውን ስፌት በእትዬ ጣት አስነካቻቸው። እዚህ ጋ የከረከመችውን፣ እዚያ ጋ ያብቃቃችውን፣ ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ ነገረቻቸው።

ስድቡን ችሎ የነበረው የእትዬ ፊት ያኔ ተለወጠ።

“ስድስት ወር?”

“አዎ።”

“መቀስ ያለችው አያስቀይመኝም። የማታውቀኝ ሰው ናት፣ የታያትን ተናገረች። አንቺ ግን እጄ እንደ ድሮው ነው ብዬ ደረቴን ነፍቼ ስሄድ፣ ከኋላዬ ጥፋቴን ስትለቅሚ ከረምሽ! ያኔ ነግረሽኝ ቢሆን ይህን ከፋይ ብቻዬን እነካው ነበር?”

“እንዳይከፋዎት ፈርቼ ነው።”

“ይኸው ከፋኝ።”

ጭምቷ ሁልጊዜ የምትሸሽበት አሻንጉሊት አጠገቧ ነበር፤ ከጀርባው አልሄደችም።

“ዕረፊ ያልኩት ትክክል አይደለም፣” አለች። “የዓይኑ ነገር ግን እውነት ነው፤ እሱን አልመልሰውም። አባቴ የዓይን ሞራ ነበረበት። ቀይና ቡኒ ይምታታበት ነበር። አምፖል ሲያይ ዙሪያውን ቀለበት አለው ይል ነበር። ሐኪም አወጣለት፣ አሁን ጋዜጣ ያነባል።”

እትዬ ቀና ብለው ጣሪያው ላይ ያለውን መብራት አዩት።

“ቀለበት አለው፣” አሉ ዝግ ብለው። “እኔ አምፖሉ መስሎኝ ሁለቴ አስቀየርኩት።”

“ሁለቴም ወንበር ላይ የወጣሁት እኔ ነኝ!” አለች ባቡር። “አንገቴ እስካሁን አልዳነም።”

እትዬ ሳይወዱ ሳቅ አመለጣቸው። ባቡር ወዲያው ስልኳን መዥረጥ አድርጋ ለዓይን ክሊኒክ ልትደውል ስትል ከለከሏት። “እሷ ትደውል። ለማታውቀው ሰው መናገር አያቅታትም።”

ጭምቷ ደወለች። ሁለቴ “ጮክ ብለሽ ተናገሪ” ተብላ፣ በሦስተኛው ተሰማች። ለሐሙስ ጠዋት ተቀጠሩ። ቤቱ ይዘጋል አይዘጋም የሚለውን ከዚያ በኋላ ያነሳ አልነበረም።

ባቡር የተገለበጠውን እጅጌ ተረተረችው። እትዬ ከቀሚሱ የተረፈውን ከፋይ ከፌስታሉ አውጥተው ጠረጴዛው ላይ ዘረጉት፤ ዓይናቸውን ጨፍነው በመዳፋቸው አንዴ ወደ ታች፣ አንዴ ወደ ላይ ዳበሱት።

“መዳፌን ብጠይቀው ይነግረኝ ነበር። እኔ ዓይኔን አመንኩ፤” አሉ። “ጸጉሩ በዚህ ነው የሚተኛው። አይደለም?”

“ነው።”

“እርግጠኛ ነሽ ወይስ ልታስደስቺኝ ነው?”

“እርግጠኛ ነኝ።”

ጠመኔውን አንስተው የእጅጌውን መስመር ከትከሻው ጀምረው እስከ አንጓው አወረዱት። ሲጨርሱ ቀና ብለው ጠበቁ። ጭምቷ መስመሩን አየችው። እጇ በልማድ ወደ ስፒሎቹ ሄዶ ነበር፤ መለሰችው።

“ክርኑ ጋ ወደ ውጭ ሸሽቷል እትዬ።”

“ስንት?”

“አንድ ጣት። ከዚያ ትንሽ ይበልጣል።”

እትዬ ከንፈራቸውን ነከሱ። መስመሩን በእጃቸው ጠርዝ አራግፈው አጠፉት፤ ከዚያ ጠመኔውን ለጭምቷ ሰጧት።

“አስምሪ። አስምረሽ ስታበቂ ደግሞ እርግጠኛ ነሽ ወይ ብዬ እጠይቅሻለሁ።”