የዳማው ሰንበር

የቀበሌው ፍርድ ሸንጎ ሰብሳቢ ጤናዬ ነገር ሳይገባት ወረቀት ላይ አትፈርምም። በዚህ ጠባይዋ ሰፈሩ ሁሉ ተማሯል። በ1971 ዓ.ም. ሰኔ ላይ ደግሞ ጭራሽ ባሰባት።

ተከሳሹ ሯጩ መኳንንት ነው። ባለጋሪው ሀያቱ ጠዋት ጠዋት፣ ጋሪ ሳይጠምድበት፣ ዳማ ፈረሱን ያውሰዋል። መኳንንት ልጓሙን ይዞ ከጎኑ እየሮጠ ከኮልፌ ተነስቶ ቀራንዮ ይደርሳል። ሐሙስ ዕለት ፈረሱ ዳገቱ ላይ ወደቀ፤ በሰው ኃይል ጋጣው ቢገባም እስካሁን አልተነሳም። ሀያቱ በንዴት ከሰሰ፣ በማግስቱ ክሱን ተወ። ምክንያቱም መኳንንት ለሠራዊቱ የሩጫ ቡድን ታጭቷል፤ የቀረው የቀበሌው የጠባይ ማረጋገጫ ደብዳቤ ብቻ ነው። ሰኞ ካላደረሰ ቦታው ለሌላ ይሰጥበታል።

«ልጁ እኮ የሰፈራችን ኩራት ነው፣ እትዬ። ጭቃው አዳልጦት ነው ብሎኛል» አለ ሀያቱ።

ጤናዬን ግን ነገሩ ከነከናት። ዳገት የለመደ ፈረስ እንዴት ዝም ብሎ ይወድቃል? ነጠላዋን አጣፍታ ጋጣው ድረስ ሄደች። የባለጋሪ አለንጋ የሚያርፈው ጀርባ ላይ ነው። የዳማው ጀርባ ደህና ነው፤ አንገቱና የግራ ጎኑ ግን ሰንበር በሰንበር ሆኗል። የገረፈው ከጎኑ የሚሮጥ ሰው ነው። መኳንንትን አስጠራችው።

«ለምን እንደገረፍከው ብቻ ንገረኝ» አለችው። ቁጣም አልነበረባት፤ የምር ማወቅ ፈልጋ ነው።

«ሲደክመው ይቀንሳል። እሱ ሲቀንስ እኔም እቀንሳለሁ። ብቻዬን እንዲያ መፍጠን አልችልም ነበር» አለ መኳንንት። ቀጥሎም፣ «ደብዳቤውን ይከለክሉኛል?» ሲል ጠየቃት።

«ለምን እከለክልሃለሁ? ያለውን እጽፋለሁ።»

ጻፈች። ጎበዝ ሯጭ ነው፤ የሰው ነገር አይነካም፤ ሐሙስ ዕለት የደከመ ፈረስ እስኪወድቅ ገርፏል፤ እስኪድን እንዲያስታምመው ተፈርዶበታል። ማኅተም አደረገችበት፤ ፖስታውን ግን ሆን ብላ ሳታሽግ ሰጠችው። ይቀደው ይሆን? ወይስ ጭራሽ ሳያደርሰው ይቀር ይሆን? በመስኮት አየችው።

መኳንንት ግቢው መሀል ቆሞ አነበበ። ደግሞ አነበበ። ከዚያ ተመልሶ ገባ።

«እትዬ፣ ሐሙስ ዕለት ይላል።»

«አዎ። ምን ሆነ?»

«ከፋሲካ ጀምሮ በየቀኑ ገርፌዋለሁ። ያስተካክሉት።»

ጤናዬ አዲስ ወረቀት አወጣች።