ጤዛው ሳይረግፍ

በእኛ አገር መርዶ የሚነገረው ጎህ ሲቀድ ነው። ሰው እህል ሳይቀምስ፣ ሥራ ሳይጀምር፣ ገና ከመኝታው ሳይነሳ ዘመድና ጎረቤት ተሰብስቦ ይመጣል። መጀመሪያ ከደጅ ሳል ይሰማል። ከዚያ የብዙ ሰው ኮቴ። ከዚያ በሩ ቀስ ተብሎ ይንኳኳል። የባለቤቴን፣ የዋለን፣ ሞት የሰማሁት እንዲህ ነው። ለሰሊጥ አጨዳ መተማ ወርዶ ወባ ቀጠፈው። ሰፈሩ ሁሉ ካወቀ በኋላ ነው እኔ ያወቅሁት። ማታውን ጎረቤቶቼ እኔ ዘንድ ሲጫወቱና ሲስቁ አምሽተው ነበር። አውቀው ነበር የሚስቁት፤ አንዷን ሌሊት እንኳ እንድተኛት ብለው።

ስለዚህ በዚህ መስከረም ጎህ ሲቀድ ቤቴ አልገኝም። ሜዳ ነኝ።

ሜዳው ከመካነ ሰላም ዳር፣ ከእኛ ሰፈር በታች ነው። ሣሩ እስኪታጨድ ከብት አይገባበትም፤ ክረምቱ ሲወጣ አደዩ ከጫፍ እስከ ጫፍ ይሞላዋል። በመሀሉ ማገት የሚሉት፣ ንብ የማይለየው የሣር አበባ አለ። ረግረጉ ጋ ደግሞ እንደ ጧፍ ቀጥ ብሎ የሚቆም ቀይ አበባ ይበቅላል። ስሙን አላውቀውም። ልጄ የኔአለም ታውቀው እንደሆነ ሳልጠይቃት ሄደች።

ፎቶ ማንሳት ያስተማረችኝ እሷ ናት። አምና አዲስ ስልክ ስትይዝ፣ መስታወቱ የተሰነጠቀውን የድሮውን ለእኔ ሰጠችኝና በማግስቱ በጠዋት ቀሰቀሰችኝ።

"እማ፣ ተነሽ፤ ፀሐይዋ ልትወጣ ነው።"

"ምን ሆንሽ? አመመሽ?"

"አበባ እናነሳለን።"

"በዚህ ብርድ? እባብ ቢኖርስ? ጅቡስ መች ገባና!"

"ጅቡ አንቺን ሲያይ ይሮጣል። ነጠላሽን ልበሺ።"

ሜዳው ላይ ቆሜ ስልኩን ወደ ታች ደግኜ አንዱን አደይ አነሳሁ። አይታ በሳቅ ፈነዳች።

"እማ፣ አበባ ነው እኮ፣ ጉድጓድ አይደለም። ከላይ ቁልቁል አታንሺው። ተንበርከኪና ከእሱ እኩል ሁኚ። ፀሐይዋ ከወዲያ ትምጣ፣ ጤዛው እንዲያበራ።"

"ቀሚሴስ?"

"ቀሚስሽ ይታጠባል። ጤዛው ነው የሚረግፈው።"

ተንበረከክሁ። አደዩ በስልኩ ውስጥ እንደ መብራት በርቶ ታየኝ። ደስ ብሎኝ ነበር፤ ከአፌ የወጣው ግን "ስልኩ በጤዛ ይበላሻል" የሚል ነበር። እንዲህ ነኝ። የኔአለም ስታስነጥስ የሳንባ ምች ይታየኛል፤ ከትምህርት ቤት ስትዘገይ መኪና ይታየኛል። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሻለሁ፤ አንዳንዴ የተማርሁት ሰው የሚሞትበትን መንገድ ለመቁጠር ይመስለኛል። "የእኔ እናት ሰው ሳይሞት ድንኳን ትተክላለች" ትል ነበር ለጓደኞቿ፣ እኔው እየሰማሁ።

ከፋሲካ በኋላ ወደ ዓረብ አገር ሄደች። በጅቡቲ በኩል፣ ከጎረቤቴ ከሺፋ ልጅ ከሰልሰቢል ጋር። አለቀስሁ፣ እግሯን ያዝሁ፣ ስለ ባሕሩ የሰማሁትን ሁሉ ነገርኋት።

"እማዬ፣ እዚሁ አጠገብሽ ተቀምጬም ስንት ጊዜ ገድለሽኛል" አለችና ግንባሬን ሳመችኝ። "ባሕሩ ካንቺ አይብስም።"

ለመጨረሻ ጊዜ የደወለችው ከባሕሩ ዳር ነው። ነፋሱ ድምፅዋን ይወስደው ነበር።

"እማ፣ እዚህ አሸዋና ድንጋይ ብቻ ነው። አንድ አረንጓዴ ነገር ለዓይን የለም። አደዩ ሲፈነዳ በጠዋት አንስተሽ ላኪልኝ። ጤዛው ሳይረግፍ፣ እሺ? ነገ እንሻገራለን ብለውናል።"

"ጀልባው አሮጌ ነው? ሰው በዝቷል?" ብዬ ስጠይቃት መስመሩ ተቋርጦ ነበር።

ከዚያ ዝም። ክረምቱን ሙሉ ኔትወርክ ሲመጣና ሲጠፋ ከረመ፤ እኔም ለጠየቀኝ ሁሉ "ኔትወርክ የለም" እላለሁ። ሺፋ በየጠዋቱ በአጥሩ ላይ አንገቷን ታወጣለች።

"ዓባይነሽ፣ ደወለችልሽ?"

"አልደወለችም። አንቺስ?"

"አልደወለችም። አብሽሪ፣ አላህ ያውቃል።"

እንደ ሰላምታ ሆኖብን ነበር። ይህን ሳንባባል ወደ ሥራ አንሄድም።

ነሐሴ ሊያልቅ ሲል አንድ ጠዋት ሺፋ ሳትጠይቀኝ አለፈች። ጀሪካኗን አዝላ፣ አንገቷን ደፍታ። በማግስቱም እንዲሁ። በሦስተኛው ቀን እኔው ጠራኋት።

"ሺፋ፣ ሰልሰቢል ደወለች እንዴ?"

"ኔትወርኩ ይቆራረጣል" አለች፣ ወደ ጣሪያዬ እያየች። "አንቺ ግን እህል ትቀምሻለሽ? ከስተሻል እኮ። ሽሮ ላምጣልሽ?"

ልጇ ካልደወለች ለምን የእኔን አትጠይቅም? ከደወለች ደግሞ ለምን አትስቅም? እዚህ ድረስ አሰብሁና አቆምሁ። ዕድሜዬን ሙሉ ክፉውን ሳስብ ኖሬ፣ ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ማሰብ እምቢ አልሁ።

አደዩ መፈንዳት ሲጀምር ወንድሜ ደሳለው ከአቀስታ መጣ። ገበያ የለ፣ ክርስትና የለ፣ በሚኒባስ ተሳፍሮ መጣ።

"ምነው ጋሼ፣ በደህና ነው?"

"ናፍቀሽኝ ነው።"

ደሳለው በሕይወቱ ሰው ናፍቆት አያውቅም። ያቀረብሁለትን ሳይጨርስ ተነሳ። አመሻሹ ላይ ከንስሐ አባቴ ጋር ከአጥሩ ውጭ ቆመው ሲያወሩ አየኋቸውና ወጣሁ። ስደርስ ስለ ዝናቡ ማውራት ጀመሩ። ዝናቡ ካቆመ ሰንብቷል።

"አልጋውን አንጥፌልሃለሁ" አልሁት።

"አይ፣ ሌላ ቤት አድራለሁ። የማነጋግረው ሰው አለ" አለና ዓይኑን አሸሸ።

ደሳለው ማስመሰል አይችልበትም። እኔ ዘንድ አምሽቶ መሳቅ እንደማይሆንለት አውቆታል።

በማግስቱ ወፍ ሳይንጫጫ ተነሳሁ። በሩን ቆልፌ፣ ስልኩን በጡቴ መሀል ሸጉጬ ወደ ሜዳው ወረድሁ። ልጄ አንሺልኝ ብላኛለች፤ ላነሳላት ነው የምሄደው። ይህ ውሸት አይደለም። ሜዳው ገና ግራጫ ነበር። ፀሐይዋ ብቅ ስትል አደዩ አንድ በአንድ እየበራ መጣ፤ ተንበርክኬ አነሳሁ። ዳገቱ ላይ ስወጣ ኔትወርክ አገኘሁና በቴሌግራም ላክሁላት። ፎቶው ሲሄድ አንድ ራይት ይወጣል፤ እሷ ስትከፍተው ሁለት ይሆናል። አንድ ራይት ወጣ።

ረፋዱ ላይ ስመለስ ደጄ አፈሩ ላይ የጫማ ዱካ ሞልቷል። የወንድ ጫማ፣ የሴት ላስቲክ ጫማ፣ የከዘራ ጫፍ የወጋው ቀዳዳ። መጥተው፣ ቆመው፣ ተመልሰዋል። መርዶ አንዴ ካረፈደ ለነገ ይተዉታል። መጥረጊያ አመጣሁና ዱካውን ጠረግሁት። በማግስቱም ሄድሁ። ዱካውም ነበር፤ ጠረግሁት።

ሺፋ በአጥሩ ላይ ብቅ አለች። ዓይኗ አብጧል።

"ዓባይነሽ፣ በጠዋት የት ነው የምትሄጂው?"

"አበባ ላነሳ።"

"የምን አበባ ነው በዚህ ብርድ?"

"የልጄን ነዋ። ላኪልኝ ብላኛለች።"

"ልጅሽ…" አለችና ሻሿን ወደ አፏ ሳበች። "ነገ እንኳ ቤትሽ ብትውይ።"

"ምነው፣ እንግዳ አለብኝ?"

ዓይኗን በመዳፏ ጠረገች።

"እንግዳ ካለ ይጠብቀኝ" አልኋት። "ሣሩ እስኪታጨድ ነው።"

"ያ ረቢ" ብላ ፊቷን መለሰች።

ሣሩ ግን አልጠበቀኝም። በዚያው ቀን ከሰዓት ጎረምሶች ማጭድ ሲስሉ አየሁ። "ነገ ነው የሚታጨደው" አሉኝ።

በነጋታው ከሁልጊዜው ቀድሜ ወጣሁ። ጤዛው ከባድ ነበር፤ ቀሚሴ እስከ ጉልበቴ ራሰ። አደዩን ትቼ ወደ ረግረጉ ሄድሁ፤ ያን ስሙን የማላውቀውን ቀይ አበባ እስካሁን አላነሳሁላትም። ተንበረከክሁ። ከእሱ እኩል ሆንሁ። ፀሐይዋ ከወዲያ በኩል መጣችና ጫፉ ላይ የተንጠለጠለው ጤዛ በራ። ጣቴን ልጫን ስል በተሰነጠቀው መስታወት ውስጥ፣ ከአበባው ጀርባ ነጭ ነገር አየሁ።

ጉም መስሎኝ ነበር። ጉም ግን አይራመድም።

ደሳለው ነበር፣ ጋቢ ተከናንቦ። ንስሐ አባቴ ነበሩ። የሰፈር ሰዎች ነበሩ፣ ነጠላ የለበሱ። በስልኩ ውስጥ ከአበባው ራስ ያነሱ ነበሩ፤ ቀና ብዬ ካላየኋቸው እንደዚያው ትንሽ ሆነው የሚቀሩ መሰለኝ። መንገዱ የሚያልቅበት፣ ሣሩ የሚጀምርበት ቦታ ሲደርሱ ቆሙ። አንድም ሰው ወደ አበባው አልገባም።

ከመሀላቸው ሺፋ ወጣች። የላስቲክ ጫማዋን አውልቃ በእጇ ይዛ ብቻዋን መጣች። አጠገቤ ስትደርስ ተንበረከከች።

"ሺፋ፣ ፈቀቅ በይ" አልኋት። "ጥላሽ አረፈበት።"

ፈቀቅ አለች።

"ጨርሺ" አለችኝ። "እንጠብቅሻለን።"

"ጤዛው ሳይረግፍ ብላኛለች።"

"አውቃለሁ እህቴ።"

ዓይኔን ከስልኩ ሳላነሳ ጠየቅኋት። "ሰልሰቢል ደረሰች?"

"ደርሳለች" አለች፣ አንገቷን ደፍታ፣ እንደ ሰረቀ ሰው።

"እሰይ። እንኳን ደረሰችልሽ" አልኋት። ከልቤ ነው። እሷ ግን አፏን በሻሿ ይዛ ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ጀመር።

ጣቴን ተጫንሁ። ቀዩ አበባ፣ ጫፉ ላይ የበራው ጤዛ፣ ከኋላ የደበዘዙ ነጫጭ ሰዎች። ካነሳኋቸው ሁሉ ይህ ያምራል። የኔአለም ብታየው "አየሽ እማ፣ ቻልሽበት" ትለኝ ነበር። ላክሁት። የዚያን ቀን ኔትወርኩ ሜዳው ውስጥም ነበር። አንድ ራይት ወጣ።

ሁለተኛውን ጠበቅሁ። ሺፋም አብራኝ ጠበቀች፤ ሁለታችንም ተንበርክከን ያችን ትንሽ ምልክት አየን። ከዚያ ጤዛው ከአበባው ጫፍ ጠብ አለ።

ስልኩን ለሺፋ ሰጠኋት፣ እንዳይረጥብ። ነጠላዬን አውርጄ ዘቀዘቅሁትና መልሼ ለበስሁት። ተነስቼ ቆምሁ።

ከሜዳው ዳር የደሳለው ሳል ተሰማ።