የዳቦው ቀብር

የኛ መንደር ሴት ባሏን ትጥላለች እንጂ ዳቦ አትጥልም። የምቀልድ እንዳይመስላችሁ። መሬት የወደቀ ቁራሽ ካየን ጎንበስ ብለን እናነሳለን፣ ስመን ግንባራችንን እናስነካለን፣ ከዚያ እግር የማይደርስበት ቦታ እናስቀምጣለን። ቤት ውስጥ የደረቀውን ደግሞ በፌስታል አድርገን ከብት ያለው ሰው በር ላይ እናንጠለጥላለን። በሰፈሩ ላም ያለን እኛ ብቻ ስለሆንን ያ ሁሉ ፌስታል የሚንጠለጠለው እኛ በር ላይ ነው።

አማቴ፣ የባሌ እናት ላላ ቱርኪያ፣ በዚህ ላይ ሕግ አላቸው። "ዳቦ ከደጅ አይመለስም" ይላሉ። በቃ፣ አለቀ።

ባሌ ሙንጂ ቱኒስ ከተማ አውቶቡስ ስለሚነዳ ቤቱን የያዝነው እኔና እሳቸው ነን። እና ርቢሐ። ርቢሐ ላማችን ናት። ሟቹ የባሌ አባት ሲዲ ሳልሕ በጊደርነቷ የገዟት ናት፤ ይህ ነገር በደረሰብን ሰሞን ደግሞ አርግዛ ነበር። የልጆቼ ወተት ከእሷ፣ የቤቱ ቅቤ ከእሷ። እሷን ካጣን ሌላ ላም የምናገኝበት መላ አልነበረንም።

ታዲያ በዚያ የብርድ ወቅት ዝናቡ አላባራ አለ። በረቱ ጥግ የከመርነው የዳቦ ጆንያ ረጥቦ አረንጓዴ ጢም አበቀለ። ላላ ቱርኪያ ግን ያንኑ ለርቢሐ መስጠታቸውን አልተዉም። መጀመሪያ ወተቷ ቀነሰ። ቀጥሎ መብላት ቀነሰች። ከዚያ ጭኗ ይንቀጠቀጥ ጀመር፤ ስትሄድ የጠጣች ነበር የምትመስለው።

የከብት ሐኪሙ ዶክተር ነጂብ መጣ። ላሟን ከማየቱ በፊት ጆንያውን አየ። አንዱን ዳቦ ሲገምሰው ሰማያዊ አቧራ ቡን አለ።

"በቃ፣ የመረዛት ይሄ ነው" አለ። "ሻጋታው መርዝ አለው። ብትፍቁትም፣ ብታደርቁትም፣ ብታጥቡትም መርዙ ውስጡ ይቀራል። ዛሬውኑ ጣሉት። ወተቷንም ለልጆች እንዳትሰጡ።"

"ምኑን ነው የምንጥለው?" አሉ ላላ ቱርኪያ።

"ዳቦውን፣ እማ።"

"አንተ ልጅ፣ እናትህን አውቃታለሁ። እንዲህ አድርጋ አላሳደገችህም።"

ነጂብ ላሟን መርፌ ወግቶ በዓይኑ "አደራ" ብሎኝ ሄደ። እኔም እሳቸው ሶላት ላይ ሳሉ ጆንያውን በጋሪ ገፍቼ ወስጄ "ኃጢአቱ በኔ!" ብዬ ገደል ደፋሁት። ተገላገልኩ ብዬ ነበር።

ርቢሐ ትንሽ ቀና አለች። ደስ አለኝ። ከዚያ፣ ወይ ጉድ፣ አንድ ጠዋት በረት ስገባ ተኝታለች፤ ብገፋት፣ ብለምናት አልነሳ አለች። ነጂብ ጋ ደወልኩ።

"ዳቦ በልታለች" አለኝ።

"በፍጹም! እኔው ራሴ ጥዬዋለሁ።"

"ላም አትዋሽም፣ ወሲላ። ቤትሽን ፈትሺ።"

ያን ቀን ፀሐይ ወጥታ ስለነበር ልብስ ላሰጣ ጠፍጣፋው ጣሪያችን ላይ ወጣሁ። ምን ባይ ጥሩ ነው? የጣልኩት ዳቦ በአንሶላ ላይ ተደርድሮ ፀሐይ ይሞቃል። ላላ ቱርኪያ መሃሉ ቁጭ ብለው በቢላ ሻጋታውን ይፍቃሉ።

"እማ! ከገደል አወጡት?"

"ውሻ ሊረግጠው ነበር እኮ!"

እስከ ወፍጮ ቤት ድረሱልኝ ስላቸው የሚያማቸው ጉልበት፣ ለዳቦ ሲሆን ገደል ወርዶ ወጥቷል! ደሜ ፈላ።

"ላሚቱ እየሞተች ነው! ጥጃውም ሆዷ ውስጥ እየሞተ ነው!"

"አላህ የሰጠው እህል አይገድልም።"

"ይኸው እየገደለ!"

ቢላውን አስቀመጡ። "በረሃቡ ዘመን ልጅ ነበርኩ" አሉ። "እናቴ ድርሻዋን ለኔ ትሰጠኝና 'በልቻለሁ' ትለኝ ነበር። አልበላችም ነበር፣ ወሲላ። አንድም ቀን አልበላችም። አሁን በኔ እጅ ዳቦ ይጣል ትያለሽ?"

አንጀቴን በሉት። ግን ርቢሐ ታች ወድቃለች። ዝም ብል እሷን ማጣቴ ነው።

"እማ፣ ሲዲ ሳልሕ ሲሞቱ ጣልናቸው?"

"አፍሽን ያዢ!"

"ይመልሱልኛ። ጣልናቸው?"

"ቀበርናቸው እንጂ!"

"ለምን?"

"ስለምናከብራቸው ነዋ፣ አንቺ ባለጌ!"

"ቁርኣን አርጅቶ ሲቀደድስ?"

"እሱም ይቀበራ..." ብለው አቆሙ። ዳቦውን አዩ። እኔን አዩ። ዳቦውን ደግመው አዩ።

"አካፋውን አምጪ" አሉ።

ወይራው ሥር እኔ ቆፈርኩ። እሳቸው የተከናነቡትን አሮጌ ነጭ ሰፍሳሪ አውልቀው ጉድጓዱ ውስጥ አነጠፉና እያንዳንዱን ዳቦ እየሳሙ ይደረድሩ ጀመር።

"ኧረ ሻጋታውን አይሳሙ!"

"ዝም በይ፣ ቀብር ላይ ነን።"

ጎረቤታችን ሰልዋ በአጥሩ ላይ አንገቷን ብቅ አድርጋ፣ "ውይ በሞትኩት! ማን ሞተ?" አለች።

"ዳቦ" አልኳት።

"አላህ ይማረው" ብላ ካበቃች በኋላ ነው ምን እንዳለች የገባት። ሳቄን ለማፈን አካፋውን ልነክስ ምንም አልቀረኝም። ላላ ቱርኪያ ግን አልሳቁም፤ አፈሩን በእጃቸው አለበሱት።

ከዚያ በኋላ ርቢሐ ጭድና ፉርሽካ ብቻ እየበላች ቀስ በቀስ ተነሳች። መንቀጥቀጡም ተዋት። የመስኩ አበባ ሲያብብ ወለደች፤ ጥጃው ከስቶ እግር ብቻ ነው፣ ግን ቆሞ ጠባ። ላላ ቱርኪያ አይተው በረቱ ውስጥ አለቀሱ።

በዚያው ሰሞን ሰልዋ ፌስታል ይዛ መጣች። ላላ ቱርኪያ በሩ ላይ ከፈቱት፣ አንዱን ገመሱ፣ አሸተቱ።

"ሰልዋ፣ ልጄ፣ ይሄኛው ሞቷል። አላህ ሶብሩን ይስጥሽ። ወስደሽ ጓሮሽ ቅበሪው።"

በሕይወቴ ዳቦ ከደጃችን ሲመለስ ያየሁት ያኔ ነው። ሰልዋ ተናዳ ሄደች፤ በማግስቱ ሌላ ፌስታል አምጥታ፣ "ይሄስ ሞቷል?" አለች አፍንጫዋን ነፍታ። ደረቅ፣ ንጹሕ ዳቦ ነበር። አማቴ አገላብጠው አይተው፣ ስመው፣ ይዘው ወደ በረት ገቡ። ተከተልኳቸው። ርቢሐ አንገቷን አስግጋ ጠበቀች። አሮጊቷ ግን አልሰጧትም፤ መጀመሪያ ራሳቸው ባሏቸው ጥቂት ጥርሶች ቆርሰው ቀስ ብለው አላመጡ፣ ዋጡ፣ ትንሽም ቆዩ።

ከዚያ የቀረውን ዘረጉላትና፣ "በልቻለሁ" አሏት። "አሁን አንቺ ብዪ።"