የምታነክሰው መኪና

«ስመጣ በምን ታውቂኛለሽ?»

«በእሷ ነዋ! ከወንዙ ወዲህ ስታነክስ እሰማታለሁ።»

«ሰው ቀድሞሽ፣ ሞቷል ቢልሽስ?»

«ኧረ አታሟርትብኝ! እሷ እየጮኸች ማን አባቱ ነው ሞቷል የሚለኝ? ድምጿ እያለ አላለቅስም።»

ይህን የመጨረሻውን ቃል ምንይሉ አጥርቶ አያስታውሰውም። ሳቅ ነበረ። «አላለቅስም» ያለችው ሚስቲቱ ትሁን፣ ወይስ ባልየው «አታልቅሺ» ብሎ እሷ «እሺ» ብላ ይሁን፣ ዘመን ሲያልፍ ተምታታበት። ሞጣ ውስጥ፣ ከአንድ ጋራዥ አጥር ሥር ጥላ ይዞ ሰው ሲጠብቅ ሳያስበው የሰማው ወሬ ነው። ሰውየው ከፋለ የሚባል ሾፌር፣ ሴትየዋ ሚስቱ ይርጋነሽ፣ የምታነክሰው ደግሞ አጭሯ ላንድሮቨራቸው ነበረች።

እንድታነክስ ያደረጋት የምንይሉ ሸቀጥ ነው። ምንይሉ ቢቸና ላይ ካምሻፍት ይነግዳል። ካምሻፍት በሞተር ሆድ ውስጥ የሚዞር፣ ጉብ ጉብ ያለበት የብረት ዘንግ ነው፤ ሞተሩ አየር የሚስብበትንና ጭስ የሚተፋበትን በር በየተራው የሚያስከፍት እሱ ነው። ምንይሉ ከወዳደቁ መኪኖች እያስፈታ ይገዛል፤ አዲስ አበባ ልኮ ጉብታውን እንደገና ያስሞርዳል፤ መልሶ በጃንሆይ ዘመን የገቡ መኪኖቻቸውን መጣል ላልሆነላቸው ሰዎች ይሸጣል። ደኅና ሆኖ የተሞረደ እንደሆነ ያረጀችው መኪና ዳገቱን እንደ ግልገል ትዘልለዋለች። ታዲያ ጉልበት በነጻ አይገኝም፤ ቆማ ስትሠራ ትንፋሿ ይቆራረጣል።

የከፋለን ሞራጁ አብዝቶበት ነበር። ሦስቴ ትመታለች፣ ትንፋሿን ትውጣለች፣ ደግሞ ሦስቴ ትመታለች። ምንይሉ ደንግጦ «አምጣው፣ በሌላ ልለውጥልህ» ቢለው፣ ከፋለ ሳቀና «ተዋት፤ ሚስቴ ወዳታለች» አለው።

ምንይሉ የሞተርን ነገር የተማረው በጆሮው ነው። ቅዳሴ ላይ ዓይኑን ጨፍኖ እንደሚሰማው ሁሉ ሞተርንም ዓይኑን ጨፍኖ ነው የሚሰማው። አንዴ የሰማው ድምፅ አይጠፋውም፤ እንዲህ ያለ ጆሮ ጸጋም ነው፣ ፍዳም ነው።

አንድ ሐምሌ ከፋለ ከቢቸና ሲመለስ፣ ወንዙ ሳይጎድል ልሻገር አለ። በማግስቱ መኪናዋ ከታች፣ ቋጥኝ ላይ ተጋድማ፣ በሯ ተከፍቶ ተገኘች። እሱ አልተገኘም። ያ ወንዝ የሚገባው ዓባይ ነው፤ ዓባይ ደግሞ የወሰደውን አይመልስም። ዘመድ ተሰብስቦ ለቅሶ እንቀመጥ ቢል፣ ይርጋነሽ «ሬሳውን ሳላይ?» ብላ እምቢ አለች። ጥቁር አልለበሰችም። ፍትሐት የለ፣ ተዝካር የለ፤ ሰውየው ከሕያዋንም ከሙታንም ሳይቆጠር ክረምት በክረምት ላይ ተተካ።

የመኪናዋን ስብርባሪ ወንድሙ ሸጠው፤ ካምሻፍቱን ምንይሉ ገዛ። ባለቤቱ የሞተበትን ዕቃ ጠበል ሳይረጭ ከሱቁ አያስገባም፤ ይህንንም ረጨ። ብዙ ጊዜ ከመደርደሪያው ከርሞ፣ ዓይነቷ አንድ የሆነ ላንድሮቨር ያለችው የየጁቤው አንዷለም መጥቶ ገዛው። ብረት ብረት ነው ብሎ ሸጠለት።

አንዷለም አስገጥሞ ከሱቁ በር ላይ ሲያቆማት ቀን ነበር፤ ፀሐይ ከአናት። ምንይሉ ጀርባውን ሰጥቶ ዕቃ ይደረድራል። ሦስቴ መታች። ትንፋሿን ዋጠች። ደግሞ ሦስቴ መታች። ቢዞር ከፋለ ክርኑን በመስኮቱ አውጥቶ የሚያየው መስሎት፣ ሳይዞር ቆየ።

«ጋሼ! አሁን እኮ ገና መኪና ሆነች!» አለ አንዷለም ከውጭ።

ከዚያ ወዲያ ቢቸናን አቋርጣ ባለፈች ቁጥር ምንይሉ ሥራውን ይተዋል። ያማትባል። «ነፍስ ይማር» ሊል ይጀምርና ይውጠዋል፤ ያልተለቀሰለትን ሰው እንዴት ነፍስ ይማር ይሉታል? አፉ ላይ የቀረው ቃል ቀኑን ሙሉ እንደ አጥንት ይሰነቀርበታል።

አንዷለም የሚመላለሰው የጁቤና ቢቸና ነበር። አንድ ታኅሣሥ ግን ጭነት አግኝቶ በገበያ ቀን ሞጣ ገባ። ያን ሰሞን ይርጋነሽ በስንት ልመና ለቅሶ ልትቀመጥ እሺ ብላ፣ ጥቁርም ለብሳ ነበር። ቀን ተቆርጧል፣ ዘመድ ተጠርቷል። የነፍስ አባቷ መምሬ አካለ ወልድ ለጉዳይ ቢቸና በመጡ ጊዜ የቀረውን ለምንይሉ ነገሩት።

«ከጓዳ ሆና ሰማች አሉ። ስትወጣ መኪናዪቱ ታጥፋ ሄዳለች። ጥቁሩን አውልቃ ጣለች። እንግዲህ ይኸው ማታ ማታ የእግር ውሃ አሙቃ፣ ደጁን ገርበብ አድርጋ ትጠብቀዋለች። እኔም ፈራሁ ልጄ። እሷ ካላመነች እኔ ማንን ልፍታ?»

በማግስቱ ምንይሉ አንዷለምን አስቁሞ «ሞጣ ውሰደኝ» አለውና ነገሩን መንገድ ላይ አወጋው።

አንዷለም መሪውን እንደ ጋለ ብረት ያዘው። «የሞተ ሰው ዕቃ ነው የሸጡልኝ?»

«የሞተ ሰው ዕቃ የሌለበት አሮጌ መኪና ታውቃለህ?»

«እሱስ እውነትዎን ነው» አለና፣ «ግን ጋሼ፣ ወንዙ ጋ ስንደርስ መዝሙረ ዳዊትዎን ቢያወጡ ምን ይመስልዎታል?»

ወንዙ ጎድሎ ድንጋዩ ይታያል። ተሻገሩ። ዳገቱን በአንድ ትንፋሽ ወጡት፤ አንዷለም እንደ ወትሮው አልፎከረም።

ከቤቷ ሲደርሱ ይርጋነሽ ቀድማ ከደጅ ቆማለች፤ ከወንዙ ወዲህ ሰምታ ነበር። ነጭ ለብሳለች። ገና ቀትር ነው፣ እሷ ግን ጣሳ ሙሉ ትኩስ ውሃ ይዛለች። መምሬ አካለ ወልድም ቀድመው ተመልሰው ኖሮ ከአጥሩ ሥር ተነሡ። መኪናዋ ቆማ ሦስቴ እየመታች፣ ትንፋሿን እየዋጠች ትንቀጠቀጣለች። ይርጋነሽ የመኪናዋን ግንባር ታያለች እንጂ ዓይኗን ወደ ሾፌሩ ወንበር አላነሣችም። አንዷለም ሞተሩን አጥፍቶ ወረደ። ያኔ አየችው።

«ከፋለስ?» አለችው፣ ከኋላ የቀረ ይመስል።

አንዷለም መሬት መሬት አየ። ምንይሉ ወርዶ እጅ ነሣ።

«እትዬ ይርጋነሽ፣ የሰሙት ድምፅ እዚህ ውስጥ ያለ ብረት ነው። ከዚያች ከወደቀችው ላይ ወጥቶ ለዚህ ልጅ የሸጥሁት እኔ ነኝ። ድምፁ የሷ ነው። እሱ ግን የለም።»

«አስነሣት» አለች አንዷለምን።

አስነሣት። ጣሳውን መሬት አኑራ መዳፏን ከሞተሩ ክዳን ላይ ዘረጋች፤ የታመመ ሰው ግንባር እንደሚዳሰስ አድርጋ ብዙ ቆየች። ከንፈሯ ከሞተሩ ጋር ይቆጥር ነበር። ከዚያ አንዷለም ራሱ ሞተሩን አጠፋው፤ ማየት አልቻለም።

«ዛሬውኑ ላስፈታው» አለ ምንይሉ። «ካሉም ወስጄ ከወንዙ እጥለዋለሁ፤ ሁለተኛ አይሰሙትም።»

ይርጋነሽ ዘወር አለች። «ወንዙ አንዱን ወሰደ፤ ሌላውን ደግሞ አንተ ልትጨምርለት?»

ምንይሉ ያን ጊዜ ከጋራዡ አጥር ሥር የሰማው ድምፅ ይኸው ነበር፤ «አላለቅስም» ያለችው እሷ ናት፤ አሁን አልተጠራጠረም።

«አባቴ ሲሞት ኮረዳ ነበርሁ፤ አላመንሁም» አለች ወደ መምሬ ዞራ። «ሰው ሁሉ ሲያለቅስ እኔ ዓይኔ ደረቀ። በኋላ ፈረሱን ጭነው፣ ኮርቻው ባዶ ሆኖ፣ በለቅሶው ሜዳ ሲስቡት ያኔ አመንሁ። የከፋለ ፈረሱ ይቺ ናት። ባዶዋን ሜዳው ላይ ትሳብልኝ፤ አለቅስለታለሁ።»

«እኔ እነዳታለሁ እትዬ፣ ቀስ አድርጌ...» አለ አንዷለም።

«መሪው ላይ ሰው ካለማ፣ መጣ ብዬ እጠብቃለሁ።»

አንዷለም ምንይሉን ወደ ጎን ሳበው፤ ሹክ ሊል ቢያስብም ድምፁ ከፍ አለ። «ጋሼ፣ የሬሳ መኪና ትባልብኛለች! ማን ይሳፈርባታል ከዚያ ወዲያ?»

«አንተ ልጅ፣ ፈረሱስ ከለቅሶ መልስ አይጋለብ ኖሯል?» አሉ መምሬ።

«ፈረስ አያነክስማ አባ!»

«ያነክሳል። ፈረስ ስለማታውቅ ነው።»

ይርጋነሽ ሳቅ ብላ ነበር፤ ወዲያው ተወችው። ጣሳውን ከመሬት አነሣች። አልደፋችውም፣ ወደ ቤትም አላስገባችውም፤ እንፋሎቱ ፊቷን እየሸፈነው ይዛው ቆመች። ምንይሉ ሜዳው ለጥ ያለ መሆኑን፣ እሱ ጎማ የሚደግፍ ድንጋይ ይዞ ከኋላ እንደሚከተል ተናገረ።

አንዷለም ያንን ውሃ ሲያይ ቆየ። ዓይኑ ከጣሳው ወደ ባዶው ወንበር፣ ከወንበሩ ወደ ጣሳው ተመላለሰ። ኮፍያውን አወለቀ።

«እሺ» አለ። «ሞተሯን አስነሥቼ፣ ማርሿን ነጻ አድርጌ እወርድላችኋለሁ፤ በገመድ ትሳባለች።»

ይርጋነሽ ጎንበስ አለችና ውሃውን ከደጇ ላይ አፈሰሰችው።

«ገመዱን ግን» አለ አንዷለም፣ «እኔ ነኝ የምስበው።»