ወደ አራቱ አቅጣጫ

ሉዶሚር ጋቭሊክ የተወለዱት ፖላንድ፣ ክራኮቭ ከተማ ነው፤ ግማሽ ዕድሜያቸውን ግን ፖዝናን ሙዚቃ ሲያስተምሩ ኖሩ። የደረሷቸው ሲምፎኒዎች መሳቢያ ውስጥ ነበሩ። ጡረታ ወጥተው ሲመለሱ ኦርኬስትራችን አንዱን ለመሞከር ተስማማ።

መሪያችን ዜኖን በልምምድ ላይ፣ በእኛ ወግ «ፓን» ማለትም አቶ ብሎ ጠርቶ፣ በግልጽ ነገራቸው።

«ፓን ሉዶሚር፣ ሕዝቡ ከወደደው ሌሎቹንም እንጫወታለን። ዝም ካለ ግን ምንም ላደርግልዎ አልችልም።»

ሲምፎኒው የሚያልቀው በእኔ ትራምፔት ብቻ ነው። ዜማው ይወጣ ይወጣና መሃል ላይ ቁርጥ ይላል፤ ልክ ከክራኮቭ ማርያም ቤተክርስቲያን ማማ ላይ በየሰዓቱ እንደሚነፋውና ሁሌም መሃል ላይ እንደሚቆረጠው ጥሪ።

«ቪት፣ ትንፋሽ አጠረህ እንዴ? ጨርሰው እንጂ!» አለኝ ትሮምቦን ተጫዋቹ።

ፓን ሉዶሚር አልሳቁም። «እዚያው ላይ ይቁም። አንድ ድምፅ ብትጨምር ትራምፔቱን እቀማሃለሁ።»

በኮንሰርቱ ምሽት እንደታዘዝኩት ነፍቼ ቆረጥኩት። ዜኖን እጁን አወረደ። አዳራሹ ጸጥ አለ፤ አንድም ሰው አላጨበጨበም። ፓን ሉዶሚር ከሦስተኛው ረድፍ ተነሥተው አንገታቸውን ደፍተው ወደ በሩ ሄዱ።

እኔ ግን የሰዎቹን ፊት አየሁ። ያልወደደ ሰው ይንቀሳቀሳል፣ ያስላል፣ ኮቱን ይፈልጋል። እነዚህ ግን ጆሯቸውን አቅንተው ተቀምጠዋል። ከፊት ያሉ አንዲት አሮጊት ለባላቸው፣ «ቆይ፣ ገና ሦስት ይቀረዋል» ሲሉ ሰማሁ።

ያኔ ገባኝ። የማማው ጥሪ አንዴ ተነፍቶ አያበቃም፤ በአራቱም መስኮት፣ ወደ አራቱም አቅጣጫ ይነፋል። ፓን ሉዶሚር ፖዝናን ሲኖሩ መቆረጡን አስታውሰው መደገሙን ረስተዋል።

ዜኖንን ሳላስፈቅድ ተነሣሁ። ወደ ግራ ዞሬ ነፋሁ። ወደ ኋላ፣ ከዚያም ወደ ቀኝ። አራተኛው እንደተቆረጠ አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ።

ፓን ሉዶሚር አንድ እጃቸውን የኮታቸው እጅጌ ውስጥ እንዳስገቡ በሩ ላይ ቆመው ነበር። በኋላ መድረክ ጀርባ መጥተው አፈጠጡብኝ።

«አትጨምር አላልኩህም?»

«አዲስ ድምፅ አልጨመርኩም፣ ፓን ሉዶሚር። የጻፉትን ነው የደገምኩት።»

ኖታውን ከእጄ ወሰዱ። ከዚያ ከዜኖን እርሳስ ተቀብለው ኖታው ላይ ጻፉበት፦ «ክራኮቭ ላይ አራት ጊዜ። ማማው ለሌላቸው ለዋርሶዎች አንዴ ይበቃቸዋል።»

«እሺ፣» አለ ዜኖን እርሳሱን እየተቀበለ፣ «ቀጣዩን ሲምፎኒ መቼ ያመጡልናል?»