ሁለት እህትማማቾች በአንድ ካርድ

ሐኪሙ ፋይሉን አገላበጠና የታላቅየዋን እህት ግራ ጡት ለይስሙላ ያህል ዳሰስ አደረገው። የቀኑ የመጨረሻዋ ታካሚ ነበረች። ታላቅየዋ ግማሹን ቀን በምትሠራበት የሆስፒታሉ ላውንደሪ ቆማ ልብስ ስትተኩስ፣ ግማሹን ወረፋ ስትጠብቅ ስለዋለች እግሯ አብጧል።

"ይሄማ የታወቀ ነው" አለ። "የዛሬ ስድስት ዓመት እዚሁ ቦታ ላይ በመርፌ ናሙና ተወስዶ ታይቷል። ካንሰር ያልሆነ እጢ ነው። ትንሽ አድጎ ይሆናል እንጂ። ከስድስት ወር በኋላ ይመለሱ።"

"እሺ" አለች።

ናሙናው የተወሰደው ከሷ ጡት አልነበረም። ከታናሽ እህቷ፣ ከሚጣ ነበር። ያኔ ሚጣ ካርድ አልነበራትም፤ አዲስ ለማውጣት የሚሰለፈው ሰው ደግሞ እስከ በሩ ይደርስ ነበር። "በኔው ግቢ፣ ማን መልክሽን ያያል?" ያለቻት ራሷ ታላቅየዋ ናት። ሚጣ በታላቋ ስም ተጠርታ፣ በታላቋ ዕድሜ ታክማ፣ ደህና ነሽ ተብላ ወጣች። "በሃያ አምስት ዓመቴ አርባ ሞላኝ" እያለች ስታሾፍ ከረመች።

ዛሬ ሚጣ የዚሁ ሆስፒታል የካርድ ክፍል ሠራተኛ ናት። ባለፈው ወር አንዲት ባልደረባዋ ዘመዷን በሰው ካርድ አሳክማ ተባርራለች። ታላቅየዋ "እሺ" ያለችው ይህን አስባ ነው። ስለደከማትም ነው። ስድስት ወር ሲሏት እንድታርፍ ወንበር የሳቡላት ያህል ተሰማት።

ፋይሉን ይዛ ወደ ካርድ ክፍል ሄደች። ሚጣ በመስኮቱ ተቀበለቻት።

"ምን አሉሽ እትዬ?"

"ስድስት ወር።"

"አላልኩሽም? አንቺ መቼም ሳይታመሙ ማልቀስ ትወጃለሽ።" ቀጠሮውን ልትመዘግብ ፋይሉን ገለጠች። እስክሪብቶዋ ቆመ። "ይሄ የኔ ውጤት ነው እኮ።"

"አውቃለሁ።"

"እያወቅሽ ዝም አልሽ?"

"ሥራሽስ?"

ሚጣ ከውስጥ በሩን ከፍታ አስገባቻትና አጠገቧ አስቀመጠቻት። "ያንቺም ይንሸራተታል?" አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ። የሚጣ እጢ ሲነኩት እንደ ብይ ከጣት ሥር ያመልጥ ነበር፤ ያኔ ሁለቱም እየነካኩ ስቀውበታል።

"አይንቀሳቀስም። ክንዴን ሳነሳ ቆዳው ስርጉድ ይላል።"

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ሦስት ወር ይሆናል።"

ሚጣ ፋይሉን ዘጋችው። "ልጅ ሆኜ አሮጌ ቀሚስሽን ስታለብሺኝ ኖርሽ" አለች። "አሁን ደግሞ የኔን አሮጌ ወረቀት ለብሰሽ ልትሞቺ ነው?"

"አትጩሂ፣ ሰው ይሰማሻል።"

"አልጮህኩም።"

አልጮኸችም ነበር። ታላቅየዋ ጠረጴዛውን ተደግፋ ተነሳች። ሚጣ ልትከተላት ስትል ትከሻዋን ይዛ አስቀመጠቻት። "ካርዱን የሰጠሁሽ እኔ ነኝ፤ የምናገረውም እኔው ነኝ። አንቺ ሥራሽን ሥሪ።"

ወደ ምርመራ ክፍሉ ስትመለስ ሐኪሙ ጋውኑን አውልቆ ነበር።

"ዶክተር፣ ያ ጡት የኔ አይደለም። በካርዴ ሌላ ሰው ነው የታከመው።"

"ማን?"

"ሌላ ሰው ነው።"

ይቆጣል ብላ ነበር፤ እሱ ግን ጋውኑን መልሶ ለበሰ። ክንዷን ወደ ላይ አስነሳት፣ ወገቧን አስያዛት፣ ብብቷን በጣቶቹ ጫፍ ቀስ እያለ ፈተሸ። አሁን አልቸኮለም።

"ካንሰር ነው አልልዎትም" አለ። "አይደለም ብዬም ወደ ቤት አልሰድዎትም። ናሙናውን አሁን ልውሰድ፤ ነገ ጠዋት ራጅ ይነሳሉ። ውጤቱ ሳምንት ይፈጃል። ክፉ ቢሆን እንኳ ሳይቆይ ከተደረሰበት የሚደረግ ብዙ ነገር አለ። ስድስት ወር ግን የለንም።"

አልጋው ላይ ወጣች። ነርሷ ቆዳዋን በአልኮል ስትጠርገው ቀዘቀዛት። በሩ ተንኳኳ፤ ሚጣ ነበረች፣ መታወቂያዋ አንገቷ ላይ እንደተንጠለጠለ።

"ያቺ ሌላ ሰው እኔ ነኝ" አለች ለሐኪሙ። "እሷ አትነግርዎትም።"

"ይቺ ልጅ ሲናገሯት አትሰማም" አለች ታላቅየዋ ጣሪያውን እያየች።

"ሪፖርት ማድረጌ አይቀርም" አለ ሐኪሙ።

"ያድርጉ" አለች ሚጣ፤ ወንበር ስባም እህቷ ራስጌ ተቀመጠች።

ሐኪሙ መርፌውን አነሳ። "እንዳይንቀሳቀሱ።"

ታላቅየዋ ለመንቀሳቀስም አቅም አልነበራትም። የእህቷን እጅ ያዘችና ዓይኗን ጨፈነች።