ወደ ኋላ የምታየው ዳክዬ

ሳሙና ሠሪው ሲያወራ ሳሙናው ራሱ ያፍርለት ነበር። ሠራተኞቹ «ጋሼ አረፋ» ያሉት በከንቱ አይደለም፤ አንድ ጭልፋ ወሬ አስይዛችሁት ብትሄዱ፣ ስትመለሱ በርሜል ሙሉ ሆኖ ሲፈስ ታገኙታላችሁ። ሰማይ ካካፋ «የጥፋት ውሃ መጣ» ይላል። አንድ አዲስ ደንበኛ ከመጣ «ከተማው በእኔ ታጥቦ በእኔ ነው የሚወጣው» ይላል። ይሁንና ዘይቱን ከሶዳው ጋር ሲያማስል ዋሽቶ አያውቅም፤ ሳሙናው እውነትም ሸጋ ነበር። እንኳን እጅ፣ ያደረ ቂም ያጥባል ቢባል ያምራል።

ችግሩ ልብሱ ላይ ነበር። የትልቁ መደብር ገዢ ሳሙናውን አሽትቶ፣ አገላብጦ አይቶ፣ «ወንድሜ፣ ሳሙናህ ጥሩ ነው፤ የለበሰው ግን የቤት ውስጥ ልብስ ነው» አለው። «ደህና ባለሙያ ፈልግና አልብሰህ አምጣው። መደርደሪያዬ ላይ ቦታ አለህ። ከዘገየህ ግን ቦታውን ለሌላ ነው የምሰጠው።» ጋሼ አረፋ ይህንን ለሰው ሲያወራው መደብሩ በሙሉ ቆሞ እንዳጨበጨበለት አድርጎ ነው። ብቻውን ሲሆን ግን የቀረውን ቀን ይቆጥር ነበር። መደርደሪያው ካመለጠው ሥራው እዚያው ጓሮ ውስጥ አርጅቶ እንደሚቀር ያውቃል።

መጠቅለያው ቢጫ ወረቀት ነው፤ በላዩ ላይ አንገቷን ወደ ኋላ ያዞረች ዳክዬ አለች። ሰዉ የሳሙናውን ስም ጠርቶት አያውቅም፤ «ያቺን ዳክዬ ስጠኝ» ብሎ ነው የሚገዛው። የሳለቻት ሚስቱ ናት። በአንድ ድስት ሥራ ሲጀምሩ እሱ እያማሰለ፣ እሷ ከእሳቱ ዳር ቁጭ ብላ በእርሳስ ጫር ጫር አድርጋ ያወጣቻት ናት። ይህንን የሚያውቁት ሁለቱ ብቻ ናቸው። እሷ ዝምተኛ ናት፤ እሱ ደግሞ ሌላ የሚያወራው ሞልቶታል።

ሠራተኞቹ እትዬ የሚሏት ይህች ሚስቱ ከሴት ሠራተኞቹ ጋር ሳሙና የምትጠቀልልበትን ክፍል ከቢሮው የሚለየው አንድ ስስ የኮምፔንሳቶ ግድግዳ ነው። የወረቀቱ ኮሽታ ቀኑን ሙሉ ይሰማል፤ ከመልመድ ብዛት ኮሽታው ለቤቱ እንደ ትንፋሽ ነበር።

ከጠራቸው ባለሙያዎች መጀመሪያ የደረሰችው ዲዛይነር ብቻዋን፣ በእግሯ ነው የመጣችው። ጋሼ አረፋ ዲዛይነር ማለት አጀብ አስከትሎ የሚመጣ ሰው ይመስለው ስለነበር ቅር አለው። ሴትዮዋ ወንበር ሳትስብ «ውሃ የት ነው?» አለች፤ በሳሙናው እጇን ታጠበች፤ ጣቶቿን አሸተተች። ከዚያ መጠቅለያውን ወደ መስኮቱ ወስዳ ብዙ አየችው።

«ይህችን ማን ሳላት?»

እውነቱ ምላሱ ጫፍ ላይ ነበር። የሳሙና ሠሪ ምላስ ግን ጫፉ ያዳልጣል።

«እኔ» አለ።

«በጣም ታምራለች። ለምንድን ነው ወደ ኋላ የምታየው?»

«እሱማ ጥልቅ ነገር ነው!» ጋሼ አረፋ ወንበሩ ላይ ወደ ኋላ ተለጠጠ። «ወደ ፊት እየዋኘች የመጣችበትን የማትረሳ ፍጡር ናት። ምስጋና ናት፣ ትዝታ ናት። ሐሳቡ ሲመጣልኝ እህል አላሰኘኝም፤ እንቅልፍ የሚባል ነገር ከቤቴ ወጣ!»

ከኮምፔንሳቶው ወዲያ አንዷ ሴት ሳቋን በሳል ሸፈነችው። ኮሽታው ግን አላቋረጠም። ሚስቱ ጉራውን ከለመደችው ቆይታለች፤ ለእሷ ጉራው ዝናብ ነው፣ ጃንጥላ ይዞ ማሳለፍ ነው።

«እንግዲያው እኔ አዲስ ነገር አልፈጥርልዎትም» አለች ዲዛይነሯ። «ይህችኑ ዳክዬ ነው አጥርቼ የማወጣልዎት። አሠራሬ አንድ ነው፦ የሌላ ሰው እጅ አልቀዳም። የሳላት እጅ ራሱ በሰፊ ወረቀት ላይ እፊቴ ይደግምልኛል፤ ከዚያ የቀረው የእኔ ሥራ ነው። ነገ ወረቀት ይዤ እመጣለሁ። ካልመሰለዎት ደግሞ አልቀየምም።»

ከሰዓት በኋላ ደግሞ የጠራው የማስታወቂያ ድርጅት መጣ። ሁለት ሰዎች ናቸው፤ ጫማቸው ፊት ያሳያል። ግድግዳው ላይ ብርሃን የሚተፋ ማሽን ተከሉና የቢሮውን አቧራ ሁሉ ከዋክብት አስመሰሉት። ጋሼ አረፋ ደረቱ ተነፋ፤ አጀብ ማለት ይኼ ነው።

ባለ መነጽሩ መጠቅለያውን በሁለት ጣቱ አንጠለጠለ። «ይቅርታ ያድርጉልንና፣ ይህቺ ዶሮ ናት?»

«ዳክዬ ናት።»

«አንገቷን ምን ነካው? ታማ ነው?» ሁለቱም ሳቁ። «ለመሆኑ ማነው የሠራው?»

ጠዋት ትዝታና ምስጋና የነበረችው ዳክዬ በአንድ ጊዜ ወላጅ አልባ ሆነች።

«ኧረ ተዉኝ!» አለ ጋሼ አረፋ እጁን እያወናጨፈ። «የሚስቴ ሥራ ናት። ቅር እንዳይላት ብዬ ነው እንጂ ድሮ በጣልኳት!» አብሯቸውም ሳቀ፤ እንደ ልማዱ ከሁሉም አብልጦ ሳቀ።

ኮሽታው ቆመ።

ሳቁ ብቻውን ቤቱ ውስጥ ቀረ። ሰዎቹ ምንም አላስተዋሉም፤ ግድግዳው ላይ አንድ ሰማያዊ ክብ አወጡና «ይኼ ንጽሕና ነው» አሉ። እሱ ራሱን ይነቅንቃል፤ ጆሮው ግን ከኮምፔንሳቶው ጋር ተጣብቋል። ኮሽታው ተመልሶ ሲጀምር ከሚስቱ ወንበር በኩል የሚመጣው ጎድሎበት ነበር።

ሸኝቷቸው ወደ መጠቅለያው ክፍል ገባ። ሚስቱ ፊቷን አላነሳችም፤ እጇ ባዶውን ጭኗ ላይ ተቀምጧል። ከሴቶቹ መካከል ምላሰኛዋ፣ «ጋሼ፣ የዳክዬዋ አባት ጠዋት ሌላ ከሰዓት ሌላ ነው እንዴ?» አለችው።



«ሥራሽን ሥሪ» አለቻት ሚስቱ በቀስታ።

ያቺ ቃል ናት የገደለችው። ብትሰድበው ይመልስላት ነበር፤ ብታለቅስም የሚያባብልበት ወሬ አያጣም። እሷ ግን በሠራተኛ ፊት ገመናውን ሸፈነችለት። ሲወጣ የበሩን እጀታ አጥቶ ኮምፔንሳቶውን ሲዳብስ ሁሉም አዩት።

ራት ላይ «የትኛውን መረጥክ?» አለችው።

«ገና ነኝ።»

«ምረጥ። መደብሩ አንተን አይጠብቅም።» ሰሐኑን አነሳችና ሄደች።

በማግስቱ ማለዳ አንድ ሳሙና ድርጅቱ ለናሙና በተወለት ባለ ሰማያዊ ክብ ወረቀት ጠቅልሎ ጠረጴዛው ላይ አቆመው። ሳሙናው መድኃኒት መሰለ። ራቅ ብሎ ሲያየው ደግሞ የባንክ ቤት ምልክት መሰለ። ክቡን ቢመርጥ ዳክዬዋን ከመሳል ይድናል፤ ይህን ያውቃል። ግን ክቡን ባየ ቁጥር ያ የራሱ ሳቅ ይሰማዋል፤ የሳቀባትን ዳክዬ አውጥቶ ጥሎ፣ አብረውት የሳቁትን ሰዎች ሥራ ሳሙናው ላይ ሊለጥፍ ነው? ዲዛይነሯ ስትደርስ ክቡን ከሳሙናው ላይ ልጦ ጣለውና «አንቺን መርጫለሁ» አላት።

«ጥሩ። እንግዲያው ይሳሉልኝ።» ነጩን ወረቀት ጠረጴዛውን ሙሉ ዘረጋችው። እርሳስ ሰጠችው።

ጋሼ አረፋ ወንዝ ሊሻገር እንደተነሳ ሰው እጅጌውን ሰበሰበ። ሆዷን ሠራ፤ ድንች ሆነ። አንገቷን ሲጨምርበት ባሰ። ክንፍ ብሎ ያሰመረው መስመር እጀታ መሰለ። ሴቶቹ አንድ በአንድ በሩ ላይ ተከማቹ፤ ላቡ ወረቀቱ ላይ ጠብ አለ።

ዲዛይነሯ ጎንበስ አለች። «ይኼ... ማንቆርቆሪያ ነው?» አለች፤ ያለ አንዳች ተንኮል።

«ዛሬ እጄ...» ብሎ ጀመረ። ቀና ሲል ሚስቱ በሴቶቹ መካከል ቆማለች፤ አንድ ቢጫ መጠቅለያ በእጇ ይዛለች። የጀመረው ሁሉ አፉ ውስጥ ሟሟ።

«እሷ ናት የሳለቻት» አለ። በዕድሜው ሙሉ ከተናገረው ሁሉ አጭሩ ነው። ወለል ወለሉን እያየ ጨመረበት፦ «ትናንት ለአንቺ የእኔ ናት አልኩሽ። ለሚሰድቧት ደግሞ የሷ ናት አልኳቸው።»

ሚስቱ እጇን በሽርጧ ጠርጋ መጣች፤ ወንበሩን ለቀቀላትና ከኋላዋ ቆመ። ዲዛይነሯ ጎኗ ተቀመጠች።

«እትዬ፣ ለምንድን ነው ወደ ኋላ የምታየው?»

«ወረቀቱ አልበቃኝም» አለች። «ከስኳር ከረጢት የተቀደደ ቁራጭ ነበር። አንገቷ ላይ ስደርስ አለቀብኝ፤ አዞርኳት።»

ዲዛይነሯ ከት ብላ ሳቀች። በሩ ላይ ያሉትም ሳቁ። ትዝታና ምስጋናው፣ እህል ያላሰኘው ጥልቁ ሐሳብ፣ አንድ ላይ ወደ ከረጢቱ ተመለሱ። ጋሼ አረፋ ጆሮው ድረስ ጋለ።

ሚስቱ እርሳሱን አነሳች። ሆዷ በአንድ መስመር መጣ፣ ክንፏ መጣ፣ ውሃው ከሥሯ ተንቀሳቀሰ። አንገቷ ግን ሄደ፣ ሄደ፣ ቀጥ ብሎ ወደ ፊት።

«አንቺዬ» አለ ከኋላዋ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ወደ ኋላ አታይም እንዴ?»

«አሁን ወረቀቱ ሰፊ ነው።»

«ደንበኛው እኮ...»

«ኋላዋ ምን አለ?» አለች፤ ዞራ ግን አላየችውም።

እሱ ነበር ኋላዋ የቆመው። እግሩን አንስቶ ቀስ ብሎ ወደ መጠቅለያው ክፍል ሄደና በእሷ ወንበር ላይ ተቀመጠ። ሴቶቹም ተከትለውት ገቡ። ከአሮጌው ቢጫ ወረቀት አንዱን ሳበ፤ ዳክዬዋ አንገቷን አዙራ ታየዋለች፤ ዓይኗን መቋቋም አቃተው። ሳሙናውን አስቀመጠ፣ አጠፈ፣ አጣበቀ።

ምላሰኛዋ አየችው። «ጋሼ፣ ገለበጡት እኮ። ዳክዬዋ ወደ ውስጥ ሆነች።»

«አውቃለሁ» አለ፤ ሌላም ሳበ።